በድብቅ የተጣለ ቆሻሻ ማንሳት የካርቦን ቅነሳ ነው ብዬ ልፈርም?

ድልድዩ ጥግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የአካባቢያችን ምክር ቤት አባል ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የተመረጥኩትም በአንድ ጉዳይ ነው ማለት እችላለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከድልድዩ ሥር፣ ሰው በድብቅ ቆሻሻ የሚጥልበት ቦታ አለ። እሱን አስነሳለሁ ብዬ ለጎረቤቶቼ ቃል ገባሁ። አስነሳሁም። ቦታው በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተጠርጓል። አራቱንም ጊዜ ተመልሶ ሞልቷል። ባለፈው ገልባጩ መኪና ጭኖ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት መስኮት ስከፍት አንድ ፍራሽ የድልድዩን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። በማግስቱ ከሥሩ ስድስት ፌስታል ተደርድሯል። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ምክር ቤታችን ሁለት ኮሚቴ አለው። የአየር ንብረቱ ኮሚቴ የካርቦን ቅነሳ ዕቅድ አውጥቷል። የመንገድ መብራቶችን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፣ ጣሪያ ላይ ሶላር ማስገባት፣ ዛፍ መትከል። አንዱንም አልቃወምም። የጽዳት ኮሚቴው ደግሞ ካሜራና ቅጣት ይላል። ሁለቱ ኮሚቴዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም። በጀታቸውም ለየብቻ ነው። የጽዳቱ አልቋል፣ የአየር ንብረቱ ገና አልተነካም።

እና አንድ የሥራ ባልደረባዬ መላ አመጣ። «የድልድዩን ሥር ማጽዳት የካርቦን ቅነሳ ሥራ ነው ብለን እናቅርብ፣ ከአየር ንብረቱ በጀት ይወጣልናል» አለ። ሐሳቡ በጣም አጓጓኝ። ግን ሰነዱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። እውነት ካልሆነ አልፈርምም። ስለዚህ ቆሻሻው ምን እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር የጎማ ጓንት አድርገን ወረድን። አሥራ አንድ ጆንያ ከፈትን። ሰባቱ በአብዛኛው የምግብ ነገር ነው። ልጣጭ፣ የሻገተ ትርፍራፊ፣ የራሰ ካርቶን። ሁለቱ የግንባታ ፍርስራሽ፣ የተሰበረ ሴራሚክና የደረቀ ሲሚንቶ። የቀሩት ልብስና ፕላስቲክ። ከክምሩ ታች ያለውን ጆንያ ልጎትት እጄን ስሰድ ሞቀኝ። በጓንቱ ውስጥ አልፎ ተሰማኝ። የታመመ ሰው ግንባር የነካሁ ነው የመሰለኝ። ውስጡ ጥቁርና አተላ ሆኗል። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ላዩ ላይ ያለው ግን እንዲያ አይሸትም ነበር።

አንዱ ጆንያ ውስጥ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ስሙን አየሁት። ቤተሰቡን አውቃቸዋለሁ። እናትየው ማታ ዘግይታ ከሥራ የምትመለስ፣ ሦስት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ደብተሩን ለማንም አላሳየሁም። የጽዳት ኮሚቴው ቢያገኘው ኖሮ የመጀመሪያዋ ተቀጪ እሷ ነበረች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ክምር ማንሳት በእርግጥ ካርቦን ይቀንሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ለአምስተኛ ጊዜ እንዳይሞላ ምን ይደረግ? በዚህ ሥራ ውስጥ ያላችሁ እስቲ አስተምሩኝ።


ቁጥር ወዳጅ

እህቴ፣ እጅሽን ሰደሽ ማየትሽ ግማሹን መልስ ሰጥቶሻል። ሥራዬ የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት መቁጠር ነው፣ የቀረውን ግማሽ ልሞክር።

በመጀመሪያ፣ ቆሻሻ በካርቦን ዕቅድ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? አለው፣ ያውም በግዴታ። ከተሞች ልቀታቸውን የሚቆጥሩበት ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። በመመሪያው ዝቅተኛ ደረጃ እንኳ ሦስት ነገር መቆጠር አለበት። ሕንፃዎች የሚጠቀሙት ኃይል፣ ትራንስፖርትና ቆሻሻ። ቆሻሻው ከክልላችሁ ውጭ ተወስዶ ቢደፋም ያመነጫችሁት እናንተ ስለሆናችሁ በእናንተ ላይ ይቆጠራል። መብራትና ዛፍ ብቻ ይዞ ቆሻሻን የተወ ዕቅድ ከሦስቱ አንዱን ምሰሶ ረስቷል ማለት ነው።

ማንሳቱ ልቀት ይቀንሳል ወይ ለሚለው ግን መልሴ ላያስደስትሽ ይችላል። ብቻውን አይቀንስም። እንዲያውም ሊጨምር ይችላል።

ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። የምግብ ትርፍራፊ አየር እያገኘ ሲበሰብስ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህን ካርቦን ተክሉ ራሱ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ስለሆነ እንደ አዲስ ልቀት አይመዘገብም። አየር ሲያጣ ግን ሥራውን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። የሚወጣውም ሚቴን ይሆናል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በሃያ ዓመት ሲሰላ ወደ 80 እጥፍ ይደርሳል። ከታች ያገኘሽው ጥቁር አተላ አየር ያጣው ክፍል ነው። ሚቴን ራሱ አይሸትም። የእንቁላሉ ሽታ አብሮት የሚፈጠር የሰልፈር ጋዝ ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቺ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ላይ፣ ተጠቅጥቆ የተቀበረ ቆሻሻ ሙሉ ሚቴኑን ያወጣል ተብሎ በ1 ይባዛል። ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ያለ ቁጥጥር የተከመረ ቆሻሻ በ0.8 ይባዛል። እንደ ድልድይሽ ሥር ያለው ጥልቀት የሌለው ክምር ደግሞ በ0.4። አብዛኛው አካሉ አየር ስለሚነካው ነው። በዚያው መመሪያ በተሰጡት መነሻ ቁጥሮች አንድ ቶን የምግብ ቆሻሻ ብናሰላ፣ ተጠቅጥቆ ሲቀበር 50 ኪሎ ግራም ገደማ ሚቴን ይወጣዋል። ድልድዩ ሥር ቢቀር 20 ኪሎ። በደንብ እየተገላበጠ ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ቢሆን 4 ኪሎ ያህል።

ይታይሻል? በጥልቅ የሚቀብር፣ ጋዙንም የማይሰበስብ ማስወገጃ ካላችሁ፣ ከ20ው አንስታችሁ ወደ 50ው ነው የምትወስዱት። ባልደረባሽ ያለውን ብትፈርሚ ወረቀቱ ውሸት ይሆናል። ማስወገጃው ጋዙን በቱቦ እየሳበ የሚያቃጥል ወይም ለኃይል የሚጠቀም ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፣ እሱን ጠይቂ።

ይህን ስል ግን ቆሻሻው እዚያው ይቀመጥ እያልኩ እንዳይመስልሽ። ወንዝ አለ፣ እሳት አለ፣ በሽታ አለ። ለማንሳት በቂ ምክንያት ናቸው፣ በጽዳትና በጤና ስም ይጻፉ። ካርቦን የሚቀንሰው ሌላ ሥራ ነው። እርጥቡ ቆሻሻ ከደረቁ ሳይቀላቀል በፊት ከየቤቱ ለይቶ መውሰድና ኮምፖስት ማድረግ። ያንን ግን በሙሉ ልብሽ ፈርሚ።

የመብራቱም ነገር እግረ መንገዴን። ኤልኢዲ ገንዘብ መቆጠቡ አያጠራጥርም። ካርቦን ምን ያህል ይቆጥባል የሚለው ግን ኤሌክትሪኩ ከምን እንደሚመነጭ ነው የሚወሰነው። ከውኃ ኃይል ከሆነ ቅነሳው ትንሽ ነው። ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ብዙ ነው። ይህን ሳያጣሩ መብራትን የዕቅዱ ራስ ማድረግ አይገባኝም።


የታችኛው ሰፈር

እኔ የምኖረው ከእንደዚህ ዓይነት ድልድይ በታች ነው። ስለዚህ በስሜት ብጽፍ አትፍረዱብኝ።

ከላይ እናንተ ጋ የተጣለው እኛ ጋ ነው የሚደርሰው። ዝናብ ሲጥል ፌስታሉና ጆንያው የውኃ መውረጃውን ቱቦ ይዘጋዋል። ከዚያ ውኃው መንገዱን ትቶ ወደ ቤት ይገባል። እናቴ አልጋዋን በድንጋይ ከፍ አድርጋ ነው የምትተኛው።

ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ አንዱ ክብሪት ይጭርበታል። ክምሩ ለቀናት ሳይነድ ሳይጠፋ ይጨሳል። ፕላስቲክ አብሮ ስለሚቃጠል ጭሱ ጉሮሮ ይልጣል። ክፍት ቦታ ላይ ቆሻሻ ማቃጠል ዳይኦክሲን የሚባለው አደገኛ መርዝ ምንጭ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት በግልጽ አስፍሮታል። ከጭሱ የሚወጣው ጥቀርሻም ራሱ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ቁጥር ወዳጅ 0.4 ያሉት ቁጥር እሳቱን ይጨምራል ወይ? ይህን ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።

በቅጣቱ ላይ ከእህታችን በመጠኑ እለያለሁ። የሚያጠፋ ሰው መጠየቅ አለበት። በእንግሊዝ ምክር ቤቶች በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ሕገወጥ መጣል ይመዘግባሉ። ከአሥሩ ስድስቱ የቤት ቆሻሻ ነው። እዚያ ሕጉ የጣለውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ፈቃድ ለሌለው ሰው ቆሻሻውን አሳልፎ የሰጠ ባለቤትም ይጠየቃል። ትክክል ነው እላለሁ። «ሰጥቼዋለሁ፣ የት እንደወሰደው አላውቅም» ማለት የእኛን ቤት ከጎርፍ አያድንም።

የደብተሩን ነገር ግን መደበቅሽ ደግ አድርገሻል። ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት አይደለችም ፍርስራሽ በመኪና የምትደፋው።


ጡረተኛው ሹፌር

ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሻሻ መኪና ነድቻለሁ። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ ግን ይህ ጥያቄ ዝም አያሰኝም።

ሰው የት እንደሚጥል ከመኪናው ላይ ሆኜ ለዓመታት አይቻለሁ። ቦታው ዝም ብሎ አይመረጥም። ጨለማ መሆን አለበት። ከመኖሪያ ቤት በር የማይታይ መሆን አለበት። መኪና ቆሞ፣ ዞሮ የሚወጣበት መሆን አለበት። ድልድይሽ ሦስቱንም ያሟላል ብዬ እገምታለሁ። እና የመጀመሪያው ጆንያ ነው አደገኛው። አንድ ካረፈ ሁለተኛው ሰው አይፈራም። «ለካስ እዚህ ይጣላል» ይላል። ስለዚህ የጸዳ ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ መታየት አለበት። እናንተ ጠርጋችሁ ሄዳችሁ፣ ፍራሹ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ በማግስቱ ስድስት ፌስታል። ፍራሹን በዚያው ቀን ብታነሱት ፌስታሎቹ ላይመጡ ይችሉ ነበር።

ስለ ፍራሹም ልንገርሽ። እኛ ፍራሽ አንጭንም ነበር። ሶፋም አንጭንም። መመሪያችን የቤት ቆሻሻ ብቻ ይል ነበርና በር ላይ ሲያወጡልን አልፈነው እንሄዳለን። ታዲያ ሰውየው ያን ፍራሽ ምን ያድርገው? አልጋው ሥር ያስቀምጠው? ማታ ተሸክሞት ወደ ድልድዩ ነው የሚሄደው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያንን ፍራሽ ድልድይ ሥር ያቆምነው እኛም ነን። በወር አንድ ቀን ትልልቅ ዕቃ የሚነሳበት ቀን ቁረጡ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ አይዘለል። ሰው ቀን ካወቀ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከዘለላችሁ ግን አያምናችሁም።

ፍርስራሹ ደግሞ ሌላ ነው። እሱን የሚጥለው ቤት የሚያድስ ትንሽ ባለሙያ ነው፣ ፒክአፕ ያለው። ሥራውን የሚጨርሰው ሲመሽ ነው። ሕጋዊው መድፊያ ግን ከመምሸቱ በፊት ይዘጋል፣ ሩቅም ነው። ጭኖት አያድርም፣ ጠዋት ሌላ ሥራ አለበት። መድፊያው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን አምሽቶ ቢከፈት ብዙው ይቀራል። ያንን ከፍታችሁም የሚጥል ካለ፣ ያኔ ቅጡት። ካሜራም አድርጉ። ካሜራ ብቻ ግን አይቻለሁ፣ አንድ ማዕዘን ላይ ተተክሎ። በወሩ ያ ማዕዘን ጸዳ፣ ጆንያው ግን ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

አሁን ዋናው። ገንዳችሁን ሄደሽ እዪው። ስንት ከፍታ አለው? ቆሻሻ የሚጥለው ማነው ብለሽ ጠይቂ። ማታ ከየቤቱ ፌስታል ይዞ የሚወጣው ልጅ ነው። ስምንት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት። የገንዳው አፍ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። ክዳኑ ብረት ነው፣ ይከብደዋል። ስለዚህ ሥሩ ያስቀምጠዋል። ውሻ ይቀደዋል። በማግስቱ ገንዳው ዙሪያ ይበሰብሳል፣ መቅረብ ያስጠላል። ከዚያ ልጁ ገንዳውን ትቶ የሚቀርበውንና የማይሸተውን ቦታ ይፈልጋል። ጨዋታው ይናፍቀዋል፣ ልጅ ነው። እኔ ይህን ለአለቆቼ ስንት ጊዜ ተናገርኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ ላይ ለይቶ መውሰድ ተባለ። ጥሩ ነው። ግን እኛ ጋ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። ሰው በጣም ደስ ብሎት ለየ። እርጥቡን በአረንጓዴ ባልዲ፣ ደረቁን በጆንያ። እኔ ግን አንድ መኪና ነው የተሰጠኝ፣ መኪናው አንድ ሆድ ነው ያለው። ሁለቱንም አንድ ላይ ደፋሁት። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው አዩኝ። ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው አወጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ መንገዱ በሙሉ ተወው። የሰው እምነት እንዲህ ነው የጠፋው፣ በእኔ እጅ። ሁለት መኪና ወይም ሁለት ቀን ሳታዘጋጁ ሰውን ለዩ እንዳትሉ፣ እለምንሻለሁ።


ቁጥር ወዳጅ

ለታችኛው ሰፈር፦ ልክ ነዎት፣ 0.4 መበስበሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቃጠሎ ለብቻው ይሰላል። ፕላስቲክ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጅ የመጣ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል። ጥቀርሻው ግን በተለመደው የካርቦን ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ ጉዳቱ እያለ ማለት ነው። ክምሩ ብዙ ጊዜ የሚቃጠል ከሆነ «ማንሳት ልቀት ይጨምራል» ያልኩት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ እህቴ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደነደደ ጎረቤቶችሽን ጠይቀሽ መዝግቢ።

ጋሼ ሹፌሩ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእሳቸው ነገር ላይ አንድ ሒሳብ ልጨምር። ብዙ ምክር ቤት ሁለተኛ መኪና ሲባል «ናፍጣው ካርቦን አይደለም ወይ?» ብሎ ይቃወማል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። መኪናው በአንድ ምልልስ 12 ሊትር ቢበላ 32 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያ ምልልስ ሁለት ቶን እርጥብ ቆሻሻ ለኮምፖስት ቢወስድና ከመቀበር ቢያድነው፣ የቀረው ሚቴን 92 ኪሎ ይሆናል። በ28 ሲባዛ ከ2,500 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ኮምፖስቱ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ በትንሹ ያወጣል፣ እሱን ብንቀንስ እንኳ ከናፍጣው ጋር አይወዳደርም። ለሁለተኛ መኪና የሚከራከር ሰው ይህን ይዞ ይግባ።

ይቻላል ወይ ለሚል ደግሞ ደቡብ ኮሪያን ይጥቀስ። የምግብ ቆሻሻ በቀጥታ መቅበርን እ.ኤ.አ. በ2005 ከለከሉ። በ2013 ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በጣለው የምግብ ቆሻሻ መጠን እንዲከፍል አደረጉ። ዛሬ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የምግብ ቆሻሻ ተመልሶ መኖ፣ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ይሆናል። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። ክፍያው የመጣው መሰብሰቢያው ሥርዓት ከያዘ በኋላ ነው። መውሰጃ ሳይኖር ክፍያ ብታስቀድሚ ሰው የሚሄደው ወደ ድልድይሽ ነው።


ድልድዩ ጥግ (ጠያቂ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። የጻፉትን ባነበብኩ በማግስቱ ሜትር ይዤ ወደ ገንዳው ሄድኩ። የጫፉ ከፍታ 1 ሜትር ከ40 ነው። ክዳኑን በሁለት እጄ ነው ያነሳሁት። በዚያ ላይ የተቀመጠው ከፍ ካለ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከመንገዱ ሲታይ ይበልጥ ይረዝማል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን በልጅ ቁመት አላየሁትም።

ከዚያ ደብተሩን ይዤ ወደ እናትየው ቤት ሄድኩ። ልወቅሳት እንዳልመጣሁ አስቀድሜ ነገርኳት። ደብተሩን ስታይ ደነገጠች። «በየማታው ልጄን ነው የምልከው፣ ገንዳው ጋ ነው የሚጥለው» አለች። ልጁ እግሩን እያየ ቆመ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ገንዳው ይደርስልሃል ወይ አልኩት። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ክዳኑ ጣቱ ላይ እንደወደቀበትና ከዚያ በኋላ እንዳልሞከረ ነገረን። እናቱ እጁን ይዛ ጣቱን አገላብጣ አየች። ጥፍሩ ገና ጥቁር ነው። እኔና እሷ ተያየን፣ ሁለታችንም መናገር አቃተን።

ለታችኛው ሰፈር፦ እናትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ጎረቤቶቼን ጠይቄያለሁ። ክምሩ ባለፈው ዓመት አምስት ጊዜ እንደነደደ ሦስት ቤት ሰዎች በየፊናቸው ነግረውኛል። አንደኛው ለአራት ቀን ጨሷል። መዝግቤዋለሁ፣ ከነወሩ። በቅጣቱም ላይ ከአንተ ጋር ልስማማ ተገድጃለሁ። ፒክአፕ ይዞ የሚደፋው ይቀጣ። ግን መድፊያው አምሽቶ ከተከፈተ በኋላ።

የባልደረባዬን ሰነድ አልፈረምኩም። ተቀይሞኛል። ቁጥር ወዳጅ የሰጡኝን 50፣ 20 እና 4 ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «እንግዲያው 4ቷን እናድርጋት» አለኝ። ኮምፖስቷን ማለቱ ነው። አሁን አብረን እየጻፍን ነው።

የጻፍነው እንዲህ ነው። ክምሩን ማንሳት በጤናና በጎርፍ መከላከል ስም ይቀርባል፣ ካርቦን የሚል ቃል አይገባበትም። የአየር ንብረቱን በጀት የምንጠይቀው ግን ለሁለት መቶ ቤቶች የእርጥብ ቆሻሻ መውሰጃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እርጥብ ብቻ፣ በሌላው ቀን ደረቅ ብቻ። መኪናው አንድ ቢሆንም ሆዱ እንዳይቀላቅል ቀኑን ነው የለየነው። ጋሼ፣ ይህ ከእርስዎ ነው የተወሰደው። ከሁለት መቶ ቤት የጀመርነው የኮምፖስት ቦታችን ትንሽ ስለሆነች ነው። ሳይገላበጥ ከተከመረ ያው ድልድዩ ሥር ያገኘሁት ጥቁር አተላ ነው የሚሆነው። ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራና የተቀደደ ካርቶን እየቀላቀልን፣ በሳምንት እያገላበጥን እንሞክራለን።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ስንት ኪሎ እንደተሰበሰበ በየቀኑ ካልተመዘነ ለምክር ቤቱ የማሳየው ነገር አይኖረኝም። ሚዛን የለንም። ምን ላድርግ?


ጡረተኛው ሹፌር

ባልዲው አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ሞልተሽ አስመዝኚ፣ አሥር ጊዜ። መካከለኛውን ያዢ። ከዚያ በኋላ ባልዲ መቁጠር ብቻ ነው። እኛ ጭነት የምንገምተው እንደዚያ ነበር። በዝናብ ወቅት ግን እንደገና መዝኚ፣ ቆሻሻው ውኃ ይጠጣል።

ለገንዳው ደግሞ ደረጃ አታሠሪ፣ ልጆች ይወጡበትና ይወድቃሉ። ከጎኑ በልጅ ደረት ልክ አፍ ይቆረጥለት፣ በመዝጊያ ጎማ ይሸፈን። ብየዳ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።


ቁጥር ወዳጅ

የባልዲው ዘዴ ለሪፖርት ይበቃል፣ እንዴት እንደተገመተ ብቻ በግልጽ ይጻፍ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ለሁለት ሳምንት እንደ ቅዳሜው ጆንያ እየከፈታችሁ ስንቱ እርጥብ፣ ስንቱ ደረቅ እንደሆነ መዝግቡ። ከየት እንደተነሳችሁ ካልታወቀ ምን ያህል እንደቀነሳችሁ ማንም አያምናችሁም። አሥራ አንዱ ጆንያ ጥሩ መነሻ ነው።


ድልድዩ ጥግ (ጠያቂ)

ብየዳ የሚሠራ ጎረቤት አገኘሁ። ከነገ ወዲያ ገንዳውን ይቆርጥልናል። የአፉን ቁመት ለመለካት ልጁ ራሱ መጥቶ ይቆማል፣ እናቱ ፈቅዳለች። ጓንትም ለስድስት ሰው ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንወርዳለን።